ጥሎን ሄደ

የሲያትል አበሻ ወቀሳ ይወዳል። ዝናቡን እንወቅሳለን፤ የቤት ኪራዩን እንወቅሳለን፤ ከዲሲ ለሠርግ የመጣውን ዘመድ “እዚህ አገር ፀሐይ የላችሁም ወይ?” ስላለን እንወቅሳለን። ይሄ ሁሉ የወግ ነው። እኔን የምትከነክነኝ አንዲት ወቀሳ ናት፤ ቼሪ ጎዳና ላይ ቡና ሊጠጣ የተቀመጠ ሰው እሷን ሳይሰማ አይነሣም።

“ያ ሰውዬ ጥሎን ሄደ!”

እንዲህ ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባል ነው፤ ካልሆነም የዕድር ገንዘብ ያዥ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። የሄደው ኬለን ዲቦር የሚባል ፈረንጅ ነው። ሥራው አሠልጣኝነት፣ ያሠለጠነው ደግሞ ሃስኪስን፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን። አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች፣ ይሄኛው ዋሽንግተን ዲሲ አይደለም፤ በሌላኛው የአሜሪካ ጫፍ ያለው ነው።

ሰውየው ሁለት የውድድር ዘመን አሠለጠነ፤ 25 ጊዜ አሸንፎ 3 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ ቡድኑን ለአገር አቀፉ ሻምፒዮና ፍጻሜ አበቃ። የፍጻሜው ጨዋታ ካለፈ በአራተኛው ቀን የአላባማ አሠልጣኝ ሆነ። ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ጥር 2024 ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸውና ማንም እንዳይሳሳት።

እንግዲህ ዕጹብ የሚያሰኘኝ የሰውየው መሄድ አይደለም። “ጥሎን ሄደ” እያሉ ጠረጴዛ የሚደበድቡት ሰዎች ናቸው። አንዱ ደሴን ጥሎ የመጣ ነው፤ አንዱ ባሕር ዳርን፤ አንዱ መርካቶ ያለ ሱቁን ከነዕዳው። እዚያ እደርሳለሁ። ከዚያ በፊት ይህ ጨዋታ በየት በኩል ቤታችን እንደገባ ላውጋችሁ።

ወንዶቹ በመሪ በኩል ነው የገቡበት፤ በመኪና መሪ። ስታዲየሙ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ነው፤ በ1920 ተከፍቶ ዛሬ 70 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። አንዳንዱ ደጋፊ በጀልባ መጥቶ፣ ሐይቁ ላይ በልቶ ጠጥቶ ነው የሚገባው። ጀልባ የሌለው በባቡር ይመጣል፤ ከ2016 ጀምሮ ባቡሩ ስታዲየሙ ደጃፍ ላይ ያወርዳል። የቀረው መንገዱን ይዘጋል። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ የሞንትሌክን ድልድይ አቋርጦ ለክርስትና መድረስ የማይታሰብ ነው፤ ሕፃኑ ተጠምቆ፣ ተበልቶ፣ ተጠጥቶ ትደርሳለህ።

ሾፌሮቻችን ግን ያን ቅዳሜ ይወዱታል። የጨዋታውን ፕሮግራም ከተማሪዎቹ በፊት በቃላቸው ይይዙታል። መጀመሪያ ያጠኑት ለገበያ ነበር፤ በስንት ሰዓት ያልቃል፣ ሰዉ በየትኛው በር ይወጣል ብለው። ኋላ ግን የቡድኑን ሐምራዊ ለብሶ ከኋላ የሚቀመጠው ተሳፋሪ ሁሉ ወሬው አንድ ሆነ። መልስ ለመስጠት ውጤት ማየት ተጀመረ። ውጤት ማየት ጨዋታ ማየትን አስከተለ። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” ይባላል፤ እዚህ የተበላበት ቡድን ራሱ በስሙ ውሻ፣ ሃስኪ፣ መሆኑ ነው ነገሩን ያሳመረው።

ስለ ውሻው ካነሣሁ አይቀር፣ ዱብስ የሚባል እውነተኛ ውሻ አለ፤ ቡድኑን እየመራ ሜዳ ይገባል። በማዕረጉ ሃስኪ ነው። በዘሩ ግን ሃስኪ አይደለም፤ አላስካን ማላሙት ነው። 70 ሺህ ሰው ያጨበጭብለታል እንጂ “ለመሆኑ ትውልድህ ከወዴት ነው?” ብሎ የጠየቀው የለም። የታደለ ውሻ!

ሴቶቹ የገቡበት ደግሞ በልጆቻቸው በኩል ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አንድ የወዳጄ ልጅ ለአያቱ ጨዋታውን ሲያስረዳ ቁጭ ብዬ አየሁ። ረከቦቱን ሜዳ አደረገው። ሲኒዎቹን አሰለፈ። በአንድ ወገን አሥራ አንድ ሰው ስለሚያስፈልግ ሲኒው አልበቃ አለ፤ ስለዚህ ተከላካዮቹ ከአያቱ የደም ግፊት መድኃኒት ብልቃጦች ተመለመሉ። ኳሷ አንዲት የፈንዲሻ ፍሬ ሆነች።

“እማማ፣ ይዩ። አራት ዕድል አለን። በአራቱ ውስጥ አሥር ያርድ ከሄድን ሌላ አራት ይሰጡናል። ካልሄድን ኳሱን ይወስዱታል።”

“አሥር ያርድ ስንት ነው?”

“ከዚህ እስከ ጓዳ።”

“ይሄ ሁሉ ጎረምሳ ከዚህ እስከ ጓዳ መሄድ አቅቶት ነው አራት ጊዜ የሚሞክረው?”

“የሚከለክላቸው አለ እኮ፣ እማማ” አለና አንዱን የመድኃኒት ብልቃጥ ገፋ አደረገ።

እማማ ብልቃጡን በትዝብት አዩት። “እሱስ እውነትህን ነው። እኔንም ከጓዳ የከለከለኝ እሱ ነው።”

ከዚያ ወዲህ እማማን የሚያቆማቸው አልተገኘም። 60 ደቂቃ የተባለው ጨዋታ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ተሰብስበው ይመካከራሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ፣ ተነሥተው እንደገና ይመካከራሉ። ፈረንጅ ራሱ ይሰለቸዋል። የዕድር ስብሰባ ላይ ያረጀ ሰው ግን ይሄን እንደ እረፍት ነው የሚያየው።

የእማማ ቅሬታ አንድ ብቻ ነበር። የቡድኑ ኳስ ወርዋሪ፣ ኳርተርባክ የሚሉት፣ ማይክል ፔኒክስ ግራኝ ነው።

“ምነው እናቱ ልጅ ሳለ በቀኙ ባስለመደችው!”

“እማማ፣ በዚያ ግራ እጁ እኮ ዘንድሮ 4,903 ያርድ ወረወረ። ከአገሩ አንደኛ ነው።”

“በቀኙ ቢሆንማ አስበው።”

አባቶችን ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነው። ፔኒክስ ኮሌጅ የገባው በ2018፣ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ በጉልበትና በትከሻ ጉዳት አራት የውድድር ዘመን ተቋረጠበትና ወደ ሲያትል ተዛወረ። በ2023 ስድስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ይሄን የሰማ አንድ አባት “ስድስት ዓመት? ሐኪም ሊሆን ነው?” አለ። የለም፣ ኳስ ሊወረውር ነው። ያው አባት የገዛ ልጁ የትምህርት ክፍል ቀይሮ አምስተኛ ዓመት ልጨምር ሲለው ሽማግሌ የሰበሰበ ሰው ነው። በሚያዝያ 2024 የአትላንታ ባለሙያ ቡድን ፔኒክስን ከአገሩ ምልምሎች ስምንተኛ አድርጎ ሲወስደው፣ ስድስት ዓመቱን የሚያነሣ ጠፋ።

ወደ ውድድር ዘመኑ ልመለስ። ዲቦር ከመምጣቱ በፊት በ2021 ቡድኑ 4 አሸንፎ 8 የተሸነፈ ነበር። በ2008ማ 12 ተጫውቶ 12ቱንም ተሸንፏል። በዚያ ዘመን “ቡድናችን” የሚል አበሻ አላጋጠመኝም። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል፤ የእኛ ሰዎች ምሣር እንኳ አላነሡም፤ መኖሩንም አያውቁም ነበር። በ2023 ጥቅምት ላይ ግን ሁሉም የቆየ ደጋፊ ሆኖ ተገኘ። እንዲያውም አንዱ “እኔ ከዶን ጄምስ ጀምሮ ነኝ” ማለት ጀመረ። ዶን ጄምስ በ1991 ያለ ሽንፈት ሻምፒዮን ያደረጋቸው አሠልጣኝ ነው። ባለ ንግግሩ ሰው በ1991 አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር።

ጥቅምት ወር ላይ ኦሬገን መጣ። ኦሬገን ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሃስኪስ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ፔኒክስ ለሮም ኦዱንዜ በወረወረው ኳስ 36 ለ 33 መራ። ኦሬገን አቻ ለመሆን የመጨረሻውን ኳስ መታ፤ በቀኝ በኩል ሳተ። ሕዝቡ ወደ ሜዳው ጎረፈ። “ያ ኦዱንዜ የእኛ ነው፣ የአፍሪካ ስም ነው” ተባለና በዚያች ሌሊት ሮም የአበሻ የሥጋ ዘመድ ሆነ።

ኅዳር ላይ ከሌላው የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዋሽንግተን ስቴት ጋር የሚጫወቱት፣ አፕል ካፕ የሚሉት ነበር። 21 ለ 21 ሆነው፣ አንድ ደቂቃ ብጤ ሲቀር፣ ሃስኪስ በገዛ ክልላቸው አራተኛዋን ዕድል ይዘው አንዲት ያርድ ጎደለቻቸው። ብልህ ሰው ኳሱን መትቶ ያርቃል። ዲቦር ግን ለኦዱንዜ አሰጠው፤ ኦዱንዜ 23 ያርድ ሮጠ። ሰዓቱ ሲያልቅ ግሬዲ ግሮስ የሚባል መቺ ከ42 ያርድ አገባት፤ 24 ለ 21።

ለእናቶቻችን ትልቁ ወሬ ግን ይሄ አልነበረም። ግሮስ ያለ ነጻ የትምህርት ዕድል የሚጫወት ልጅ ነበር። ጨዋታው እንዳለቀ መልበሻ ክፍል ውስጥ ዲቦር በጓደኞቹ ፊት ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጠው። “ስኮላርሺፕ” የምትለዋ ቃል እንደተሰማች ጨዋታውን አይተው የማያውቁ እናቶች ሳይቀሩ እልል አሉ። አንዲት እናት በማግሥቱ ልጇን የሒሳብ ደብተሩን አስቀምጦ ጓሮ ወጥቶ ኳስ እንዲመታ አዘዘችው። በአበሻ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ያኔ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

እማማ ደግሞ በዚህ መካከል አንድ ነገር አስተዋሉ። የአፕል ካፑ ጨዋታ የዋለው ጾመ ነቢያት በገባ ሰሞን ነው። ታኅሣሥ 1 ላስ ቬጋስ ላይ ኦሬገንን እንደገና 34 ለ 31 ሲያሸንፉ ጾም ነው፤ ያውም ዓርብ። ጥር 1 ኒው ኦርሊንስ ላይ ቴክሳስን 37 ለ 31 ሲያሸንፉም ጾም ነው። ያን ዕለት ፔኒክስ 430 ያርድ ወረወረ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ቴክሳስ ደጃፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን አልገባም።

“በጾም የያዙት አይወድቅም” አሉ እማማ። የዶሮ ክንፍ ሳይበላ ጨዋታ ማየት የከበደው የልጅ ልጃቸውም የሽንብራ አሳ ይዞ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ የቀን መቁጠሪያው ሤራ ጀመረ። የፍጻሜው ጨዋታ ሂውስተን ላይ የተቆረጠው ለጥር 8 ቀን ሰኞ ነው። ገና ጥር 7 እሑድ ዋለ። አበሻው ሁሉ ፈስኮ፣ የዶሮ ወጡ ድስት ገና ሳይታጠብ፣ ክትፎው ሳያልቅ፣ በማግሥቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቴሌቪዥን ፊት ተሰየመ። ተጋጣሚው ሚሺጋን እየረገጠ ሮጠ፤ በሩጫ ብቻ 303 ያርድ ሄደ። እስከ ሦስተኛው ሩብ መጨረሻ 20 ለ 13 ነበር፤ አራተኛው ሩብ 34 ለ 13 አደረገው። 14 ጊዜ ሳይሸነፍ የመጣ ቡድን በአሥራ አምስተኛው ወደቀ።

ክፍሉ ውስጥ ዝም ተባለ። እማማ የልጅ ልጃቸውን ሳህን አዩ፤ ሁለት የዶሮ ክንፍና አንድ እንቁላል አለበት።

“በላችሁ፤ ተበላችሁ” አሉ።

ከነገረ መለኮት አንጻር ክርክር ሊነሣበት ይችላል። ከውጤት አንጻር ግን እስከ ዛሬ ያፈረሰው የለም። ሌላው “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” ብሎ ሊያጽናና ሞከረ፤ ሰሚ አላገኘም።

ረቡዕ ዕለት የአላባማው አሠልጣኝ ኒክ ሴበን ጡረታ ወጣ። ዓርብ ዲቦር ቦታውን ያዘ።

ያን ሰሞን ቼሪ ጎዳና ላይ የወረደውን እርግማን ልጽፈው አልችልም። አንዱ ወዳጄ ጠረጴዛውን እየመታ “ሰው እንዴት በአራት ቀን ውስጥ ጥሎ ይሄዳል? ልጆቹን እንኳ ሳይሰናበት? ለገንዘብ?” ይላል። ከጥግ ቡናቸውን ይዘው ዝም ያሉ አንድ አዛውንት አሉ። ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

“ልጄ፣ አንተ አገር ቤት ምን ነበር ሥራህ?”

“አስተማሪ ነበርኩ፣ ጋሼ።”

“ተማሪዎችህን ተሰናበትካቸው?”

ትንሽ ዝም አለ። “ቪዛው ሐሙስ ደረሰ። ቅዳሜ በረርኩ። ዓርብ በእረፍት ሰዓት ነው የወጣሁት።”

“እንግዲያው ፈረንጁ በሁለት ቀን ይሻልሃል” አሉና ሲኒያቸውን አነሡ።

እኔ ደግሞ ልጨምርበት። በዚያ ዓመት ያልሄደ ማን ነበር? ያሸነፈን የሚሺጋን አሠልጣኝ ጂም ሃርቦ ዋንጫውን ይዞ ወሩ ሳይሞላ ሎስ አንጀለስ ወዳለ ባለሙያ ቡድን ገባ። ከእኛ ቡድን 10 ተጫዋቾች ለባለሙያ ቡድኖች ተመለመሉ። ፔኒክስ ራሱ ኢንዲያናን ጥሎ የመጣ ነው። እኛስ በዲቦር ቦታ ማንን አመጣን? ጄድ ፊሽን፤ እሱም የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሆኖ ሳለ። አሪዞና ያለው አበሻ ያን ቀን ምን እያለ ቡናውን እንደጠጣ መገመት አያቅትም።

ዩኒቨርሲቲውስ? ፓክ-12 የሚባለውን የምዕራቡን ማኅበር በ1915 ከመሠረቱት አራት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ እሱ ነው። በ2023 ነሐሴ፣ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ወደሚበዛበት ወደ ቢግ ቴን እሄዳለሁ አለ፤ ማኅበሩም ፈረሰ። ስሙ ቢግ ቴን ይባል እንጂ አባላቱ 18 ናቸው፤ ሒሳቡን ለእነሱ እንተወው። የመቶ ዓመት ማኅበር አፍርሶ የሄደ ቤት አሠልጣኙን “ከዳኸኝ” ሲለው ከመስማት የሚበልጥ ቀልድ አላውቅም።

መሄድ ግን በነጻ አይገኝም። በ2024 ሃስኪስ አገር እያቋረጡ ኒው ጀርዚና ፔንሲልቬንያ ድረስ መጫወት ጀመሩ። በገዛ ሜዳቸው የተጫወቱትን 6 ጨዋታ፣ 6ቱንም አሸነፉ። ከገዛ ሜዳቸው ወጥተው የተጫወቱትን 7፣ ሰባቱንም ተሸነፉ፤ እዚያው ሲያትል ውስጥ ሌላ ስታዲየም የተጫወቱትን እንኳ። በሜዳቸው ካሸነፏቸው አንዱ ሚሺጋን ነበር፤ 27 ለ 17። ግን ሃርቦም የለ፣ ዲቦርም የለ፤ ደመኞቹ በሌሉበት ደም ተመለሰ።

ዲቦርም ቢሆን አልተመቸውም። እዚህ በሁለት ዓመት 3 ጊዜ የተሸነፈ ሰው፣ አላባማ በመጀመሪያው ዓመቱ ብቻ 4 ጊዜ ተሸነፈ። ወዳጄ “ጡር ነው!” ብሎ ተነሣ። አዛውንቱ ቀና አሉ።

“አንተ አሜሪካ በገባህ በመጀመሪያው ዓመት ምን ነበርክ?”

“ሌሊት ፓርኪንግ ጠባቂ።”

“የማን ጡር ነበር?”

መልስ አልመጣም። ቡናው ሁለተኛው ደረሰ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የደረስኩበት ፍርድ አጭር ነው። የሄደ ሰውን የሄደ ሰው አይፍረድበት። መውቀስ መብታችሁ ነው፤ ለመውቀስ ግን ያልሄደ ሰው ፈልጉ፤ በቼሪ ጎዳና አታገኙትም። ደግሞም ስለ ዲቦር የማይነገር አንድ ነገር አለ። ውሉን አፍርሶ ሲወጣ ትቶት ለሄደው ዩኒቨርሲቲ የሚከፈል 12 ሚሊዮን ዶላር ነበረበት። ጥሎን ሄደ የተባለው ሰው እንዲህ አስልኮ ነው የሄደው።

አንተስ፣ ባለፈው ወር ለእናትህ ስንት ላክህ?